ዝናብ እንዳይመታት የተከደነች የዝናብ መለኪያ

ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ አንዱ ከወዲያ አንዷ ከወዲህ፣ ወደ አንድ የመንገድ ማዕዘን ቢመጡ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ከወዲያ የመጡት ረዥም አሸንዳ በትከሻቸው ተሸክመው ደመና የሚያዩ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። ከወዲህ የመጣችው ደግሞ የሰው ጣሪያ እየቃኘች ወደ ኋላ የምትራመድ ወጣት ነበረች። የአሸንዳው ጫፍ የወጣቷን ቦርሳ ያዘ፤ ቦርሳው አሸንዳውን አዞረው፤ የዞረው አሸንዳ ባለሱቋ በደጃፏ የደረደረችውን የሳሙና ካርቶን ጠርጎ መንገድ ላይ አወረደው።

«ሰው ሲሄድ ወደ ፊቱ ነው የሚያየው» አሉ ቆርቆሮ ሠሪው፣ ጎንበስ ብለው ካርቶን እየለቀሙ።

«እርስዎስ ወዴት ነበር የሚያዩት፣ ጋሼ?»

ቀና ሲሉ የእህታቸው ልጅ ናት።

እኚህን ቆርቆሮ ሠሪ ሰፈሩ «አባ ደመና» ነው የሚላቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር መታወቂያቸው ብቻ ነው። ሥራቸው አሸንዳ መቁረጥ፣ ጣሪያ መጠገን፣ የሚያፈስ ባልዲ መድፈን ነው። ከሥራቸው በላይ ያስከበራቸው ግን ጠዋት ጠዋት ከደጃፋቸው ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሰፈሩ በላይ ያለውን ተራራ አይተው የሚሰጡት ቃል ነበር። ልብስ አጣቢዋም፣ ሲሚንቶ የሚያቦካውም፣ ባለሱቋም «አባ ደመና፣ ዛሬ እንዴት ነው?» ሳይሉ ቀናቸውን አይጀምሩም። ያሉት ሲደርስ ስማቸው ይነሣል፤ ሳይደርስ ሲቀር የሚወቀሰው ሰማዩ ነው። እንዲህ ያለ ሹመት ማን ይጠላል?

የእህታቸው ልጅ ደግሞ ኮምፒውተር ተምራ የሰፈሩን ማኅበር ድረ ገጽ የምታዘጋጅ ናት። ውሃ የሚጠፋበት ቀን፣ መብራት የሚቋረጥበት ሰዓት፣ የጠፋ ቁልፍና የተገኘ ድመት በዚያ ይወጣል።

«ጣሪያ ነው የማየው» አለች ልጅቱ። «እስካሁን ካየሁት ሁሉ የርስዎ ይሻላል። ከፍ ያለ ነው፣ ዛፍ አይጋርደውም፣ ወንዙም የሚነሣው ከጓሮዎ ነው። ፈቃድዎ ቢሆን እዚያ ላይ የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ልተክል ፈልጌ ነው።»

«ጣቢያ?» አሉ አባ ደመና። «ጣሪያዬ ላይ?»

«ትንሽ ናት፣ ጋሼ። አንድ ዘንግ ነው። ዘንጉ ላይ የዝናብ መለኪያ ጽዋ አለች፣ አጠገቧ ሙቀት መለኪያ፣ ከላይ ነፋስ የሚያሽከረክራት ነገር። የለካችውን በኢንተርኔት ትልካለች። እኔ በድረ ገጹ አወጣዋለሁ፣ ሰዉ በስልኩ ያየዋል።»

«ቆይ፣ ቀስ በዪ። ይህ ድረ ገጽ የምትዪው የት ነው ያለው? ቢሮሽ?»

«ቢሮዬ አይደለም።»

«ስልክሽ ውስጥ ነው?»

«በስልክ ይታያል እንጂ ስልክ ውስጥ አይደለም።»

«እኮ የት ነው?»

«ሌላ አገር ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው» አለች በመጨረሻ።

አባ ደመና አሸንዳቸውን አቁመው ተደገፉት። «ልድገመውና አርሚኝ። እኔ ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ ሌላ አገር ይሄዳል። እዚያ ይመዘገባል። ከዚያ ተመልሶ እዚሁ ታች ላለች እህቴ ይነገራታል።»

«በዓይን ቅጽበት ነው፣ ጋሼ።»

«እህቴ እኮ ጮክ ብዬ ብጠራት ልትሰማኝ ምንም አይቀራት።»

ባለሱቋ ካርቶኗን መደርደር ትታ ትሰማ ነበር። አባ ደመና ይህን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያሳስባቸው የነበረውን ጥያቄ አወጡት።

«ታዲያ ይህች ዕቃሽ ነገ ይዘንባል፣ አይዘንብም ትላለች?»

«አትልም። የሚመጣውን አታውቅም። የምትናገረው የዘነበውን ብቻ ነው።»

አባ ደመና ተነፈሱ። ከዚያም ሳቁ። «የዘነበውንማ እጄን በመስኮት ሳወጣ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ዘንግ የሚተከለው?»

«እርስዎ ያውቁታል። እናቴስ?»

ይህን ጊዜ ሳቁ ቆመ። እናትየዋ፣ ማለትም የአባ ደመና ታናሽ እህት፣ ከሰፈሩ ታች ወንዙ ዳር ጨርቅ ቀለም የምትነክርበት ቤት አላት። የነከረችውን የምታሰጣው ወንዙ ዳር ባሉት ሰፋፊ ድንጋዮች ላይ ነው፤ አቧራ የማይደርስበት፣ መጋረጃ የሚያህል ነገር ተዘርግቶ የሚበቃበት ሌላ ቦታ የላትም። ባለፈው ክረምት እሷ ዘንድ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ላይኛው ሰፈር ዘነበ። ወንዙ ሳይታሰብ ሞልቶ መጣና የአንድ ሆቴል መጋረጃ ከነቀለሙ ይዞት ሄደ። ዘንድሮ ሆቴሉ አሁንም መጋረጃውን ሰጥቷታል። እሷም «ይህንን ደግሞ ውሃ ከወሰደው ቤቱን ዘግቼ ቁጭ ነው» ብላለች። ስትለው እየቀለደች አልነበረም።

«ትደውልልኝ» አሉ አባ ደመና። «ይዘንባል ወይ ትበለኝ፣ እነግራታለሁ።»

«አምና ደውላልዎት ነበር።»

«ጣሪያ ላይ ነበርኩ። መዶሻ ይዤ ስልክ በምኔ ላንሣ?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እርስዎ ሥራ አለብዎት፣ እጅዎ ይያዛል፣ ስልክዎ ይዘጋል። ይህች ዕቃ ሌላ ሥራ የላትም። እርስዎን ልትተካ አይደለም፤ በሌሉበት ሰዓት…»

«መተካት ማን አነሣ?» አሉ አባ ደመና ቶሎ ብለው።

ባለሱቋ ፊቷን በሳሙና ካርቶን ሸፈነች።

«በይ ትከዪ» አሉ አባ ደመና አሸንዳቸውን መልሰው እየተሸከሙ። «ለእህቴ ብዬ ነው። ለዕቃሽ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

ልጅቱ በማግስቱ መጥታ ተከለችው። የምትጣደፍ ልጅ ናት፤ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ነገር ሌላውም የሚያውቀው ይመስለዋል። ዘንጉን አሠረች፣ ሽቦውን ቀጠለች፣ ስልኳን አውጥታ አንዴ ለአባ ደመና አሳየቻቸው። የሙቀቱ ቁጥር አለ፤ የነፋሱ አለ፤ በዝናቡ በኩል ዜሮ አለ። ከመሰላሉ እንደወረደችም እጃቸውን ይዛ፣ «አደራ፣ ጋሼ፣ ውድ ዕቃ ናት። በደንብ ይጠብቁልኝ» ብላ ሄደች። ሌላ አላለችም።

አደራ የተባለ ሰው እንቅልፍ የለውም። አባ ደመና በሥራቸው መካከል እየወጡ ዕቃዋን ያዩ ጀመር። ባዩዋት ቁጥር የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ነበር። ጽዋዋ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታለች። ክዳን የላትም። ከሥሯ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ሰው ቤት እንዳይገባ ሲከላከሉ የኖሩ ናቸው፤ አፉን ከፍቶ ዝናብ የሚጠብቅ ውድ ዕቃ ማየት ለሳቸው ራቁቱን ብርድ ላይ የቆመ ሕፃን እንደማየት ነው። «ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው ክዳን የሚረሳ?» አሉ ለራሳቸው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ ጠዋት ባለሱቋ እንደ ልማዷ «አባ ደመና፣ ዛሬ…» ብላ ጀመረችና ስልኳን አይታ «ይቅርታ፣ ነፋሱን ነው የፈለግሁት፣ አገኘሁት» አለቻቸው። አባ ደመና አንድ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቀሩ። ከዚህ የተነሣ በኋላ የሆነው ሁሉ ከቅናት ነው የሚል ሰው በሰፈሩ አልጠፋም። ሐሰት ነው። የቀና ሰው እንዲያ አሳምሮ አይሠራም።

የሠሩት ምን መሰላችሁ? ክዳን ነው። አዲስ ቆርቆሮ ቆርጠው፣ ጠርዙን አጥፈው፣ ጫፉን እንደ ትንሽ ጉልላት አሹለው፣ ጽዋዋን እንዳይነካት በሦስት እግር ከፍ አድርገው አቆሙላት። ዙሪያውንም አሸንዳ አበጁለት፤ ጣት የማታህል አሸንዳ፣ ውሃውን ሰብስባ ከዘንጉ ራቅ አድርጋ የምታወርድ። ከመሰላሉ ወርደው ሲያዩት ደስ አላቸው። አደራ ማለት ይህ ነው።

ዝናቡ የመጣው በበጋው ማለቂያ፣ ሰው ሳያስበው፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አባ ደመና ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አሸንዳ ሊገጥሙ መሣሪያቸውን በቦርሳ ከተው በሩን ሊዘጉ ሲሉ ተራራው ጠፋ። ከዚያ ቆርቆሮው ተመታ። መንገድ የሚያስኬድ አልነበረም፤ ቦርሳውን አስቀምጠው ከክፈፉ ሥር ቆሙ። ትንሽ እንደቆዩ፣ ሳይወዱ በግድ፣ አንድ ደስ የሚል ሐሳብ መጣባቸው። ዕቃዋ ዛሬ ሥራ አገኘች። ለልጅቱ ደወሉላት።

«ልጄ፣ ያቺ ጉደኛሽ ሥራ ጀምራለች» አሉ እየጮሁ።

«ምን ሥራ?»

«ዝናብ ነዋ።»

«የት ነው ያሉት፣ ጋሼ?»

«ቤቴ ነኛ። ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው።»

ልጅቱ ቢሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ስትነካካ ይሰማል። «ጋሼ፣ እዚያ ዝናብ የለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ገጹን ከፍቼ እያየሁት ነው። ሙቀቱ ወርዷል፣ ነፋሱ ጨምሯል። ዝናቡ ግን ዜሮ ነው።»

አባ ደመና ስልኩን ከጆሯቸው ነቅለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ከክፈፉ ወደ ውጭ ዘረጉ። ረጠበ። መልሰው አስገቡት።

«እጄ ርሷል» አሉ።

«ምናልባት ከአሸንዳው የሚፈስ ይሆን?»

«አሸንዳውስ ከየት አመጣው?»

«እሱስ ልክ ነው» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «ግን ዕቃዋ አዲስ ናት። ፈትሼያታለሁ።»

«እኔ አዲስ አይደለሁም፤ ዝናብ ግን አውቃለሁ።»

አንዷ ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዜሮ ታያለች፤ ሌላው ጫማቸው ውሃ እየገባበት ሰማዩን ያያሉ። አንዳቸውም አልዋሹም። እንዲያ ያለ ጊዜ ላይ የቆመ ሰው ለአፍታ ራሱን ይጠራጠራል፤ አባ ደመናም ለአፍታ ያህል ዝናቡ የሌላ ሰው ዝናብ ሆኖ ታያቸው።

«ጋሼ» አለች ልጅቱ በድንገት። «እናቴ የምታየው ይህንኑ ገጽ ነው። ዜሮውን አይታ መጋረጃውን አስጥታው ይሆናል።»

አባ ደመና ስልኩን ዘግተው ለእህታቸው ደወሉ። በሕይወታቸው ቶሎ ስታነሣላቸው ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

«ወንድም ጋሼ፣ ምነው በሰላም?»

«መጋረጃውን አንሺ።»

«ለምን?»

«ዘንቧል። ወንዙ መምጣቱ ነው።»

«የት ዘነበ? እኔ ጋ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ነው።»

«እኔ ጋ ነዋ።»

«ቆይ እስቲ ልየው» አለች እህት። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። «ዜሮ ነው የሚለው።»

«ዜሮውን ተዪው።»

«እንዴት ልተወው? ልጄ ያቆመችው ነው። ስማኝ፣ ወንድም ጋሼ፣ ባለሱቋ ነግራኛለች። ሰዉ አንተን መጠየቅ ከተወ ወዲህ ከፍቶሃል አሉ። ሰው ነህ፣ ይከፋህ። በኔ መጋረጃ ግን አትቀልድ። ገና አሁን ነው የነከርኩት። በእርጥቡ ካጠፍኩት ቀለሙ ዥጉርጉር ይሆናል፣ ሆቴሉም አይቀበለኝም። ካላነሣሁትና ወንዙ ከመጣ ደግሞ አለቀልኝ። እስቲ አንተ ብትሆን ማንን ታምናለህ?»

አባ ደመናን ሰፈር ሙሉ ሰው ያለ ማስረጃ ሲያምናቸው ኖሮ፣ እጃቸው ርሶ እውነቱን በያዙበት ቀን የገዛ እህታቸው አላመነቻቸውም። ሊቆጡ ቃጣቸው። ከዚያ ግን ከክፈፉ ሥር ወደ ውስጥ ገብተው፣ በረጅም ቁመታቸው ላይ ክንዳቸውን ጨምረው፣ ስልኩን ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ከፍ አድርገው ያዙት።

«ስሚ» አሉ።

ቆርቆሮ በዝናብ ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ሌላ ምንም ነገር አያሰማውም። እህት የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ናት፤ ያደገችው እዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ወዲያው ከሩቅ «ኑ፣ መጋረጃውን፣ ሁላችሁም፣ ጫፍ ጫፉን ያዙ» የሚል ድምፅና የሚሮጥ እግር ተሰማ። ስልኩን የዘጋው ማንም አልነበረም።

ወንዙ ሲደርስ አብዛኛው መጋረጃ ተነሥቶ ነበር። ከወዲያኛው ድንጋይ ላይ የነበረው አንዱ ሄደ። ከቀሩት አንዳንዶቹ እንደተፈራው ዥጉርጉር ሆኑ፤ ጠቆር ባለ ቀለም እንደገና ለመንከር ግን የሚመቹ ነበሩ።

በማግስቱ እናትና ልጅ አባ ደመና ቤት መጡ። አባ ደመና ሸሚዝ ቀይረው ነበር የጠበቋቸው። ያሸነፈ ሰው ልግስና ይወዳልና ሻይ አቀረቡ፣ ወንበር ሳቡ፣ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የጀመሩት።

«እንግዲህ፣ ልጄ፣ አይክፋሽና፣ ዕቃሽ ዋሸች። እኔ አልዋሸሁም። እህቴ ትመስክር።»

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ። ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። «ሌሊቱን ቁጥሩን ስመለከት አደርኩ። አልገባኝም። እስቲ መሰላሉን ይስጡኝ።»

ወጣች። ከላይ ሆና «ጋሼ» አለች። «ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ አያምርም?»

«ያምራል» አለች ልጅቱ፤ ከልቧ ነበር። «በጣም ያምራል። አሸንዳም አለው።»

«አለዋ። ከተሠራ እንዲህ ነው የሚሠራው። ክዳን ረስተውላት ነበር።»

ልጅቱ መሰላሉ ላይ ቁጭ አለች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ከታች አይለይም። «እማዬ፣ ስልክሽን አውጪና ገጹን ክፈቺ። ጋሼ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ያቀብሉኝ፤ እርስዎም ስልኩን አብረው ይዩልኝ።»

አባ ደመና ውሃውን አቀብለው፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ከእህታቸው ትከሻ በላይ አጎነበሱ። ልጅቱ ውሃውን በክዳኑ ላይ አንቆረቆረች። ውሃው በጉልላቱ ወረደ፣ በትንሿ አሸንዳ ተሰበሰበ፣ ከዘንጉ ራቅ ብሎ ፈሰሰ። አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ስንት ይላል?»

«ዜሮ» አለች እናት።

ልጅቱ ክዳኑን አነሣች። የቀረውን ውሃ ቀስ አድርጋ ወደ ጽዋዋ አፍ ጨመረች። ከውስጥ ትንሽ ነገር ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ተሰማ። «ውስጧ ትንሽ ማንኪያ አለች። ስትሞላ ትገለበጣለች፣ በተገለበጠች ቁጥር ትቆጠራለች። አሁን ትንሽ ጠብቁ።»

ጠበቁ። ዜሮው ሄደ፤ በቦታው ሌላ ቁጥር ተተካ።

አባ ደመና ስልኩን አዩ፣ ጽዋዋን አዩ፣ ክዳኑን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «እንግዲህ ሥራዋ መርጠብ ነው።»

«ሥራዋ መርጠብ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ደግሞ እንዳትረጥብ አደረግኋት።»

«አዎ።»

«ታዲያ የዋሸሁት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ አልዋሹም። ዘንቧል አሉ፣ ዘንቦ ነበር።»

«እሷ ናት የዋሸችው?»

«እሷም አልዋሸችም። ከክዳኑ ሥር ዝናብ አልነበረም፤ የለም አለች።»

«ታዲያ ማን ነው የዋሸው? እህቴ መጋረጃዋን እኮ ልታጣ ነበር።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች ልጅቱ ከመሰላሉ እየወረደች። «ይጠብቁልኝ አልኩ እንጂ ምን እንደምትሠራ አላስረዳሁም። በጥድፊያ ተከልኩና ሄድኩ። በሰው ጣሪያ ላይ የማያውቀውን ነገር ተክሎ መሄድ ትክክል አይደለም።»

«ሁለታችሁም ተዉት» አለች እህት። «እኔስ? የወንድሜን ድምፅ እየሰማሁ ቁጥር አየሁ አይደል?»

አባ ደመና ግን ገና አልለቀቁም። ክርክር የሚወድ ሰው ሲሸነፍ እንኳን በሥርዓት መሸነፍ ይፈልጋል። «አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ በደግነት ከከደንኳት፣ ሌላው በክፋት ሊከድናት ይችላል። ቅጠል ሊወድቅባት፣ ወፍ ሊሰፍርባት ይችላል። እንዲህ በቀላሉ የምትታፈን ነገር እንዴት ትታመናለች? ትናንት መጋረጃውን ያዳነው የኔ ስልክ ነው።»

«ልክ ነው» አለች ልጅቱ። «ብቻዋን መታመን የለባትም። የሚያያት ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔም እኮ እላለሁ። የኔ ስልክ…» ብለው ጀመሩና አባ ደመና አቆሙ። በሩ ሥር ትናንት ያስቀመጡት የመሣሪያ ቦርሳ አሁንም እዚያው አለ። አዩት። «ትናንት ወጥቼ ልሄድ ነበር» አሉ። «ዝናቡ ጥቂት ዘግይቶ ቢመጣ በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ነበርኩ። እዚያ ፀሐይ ነበር ይሆናል። መዶሻዬን ይዤ…» ወደ እህታቸው ዞሩ። «አንቺም ትደውዪ ነበር፣ እኔም እንደ አምናው አላነሣም ነበር።»

መልሱን የሰጡት ራሳቸው ስለሆኑ ሌላ ሰው የሚጨምርበት አልነበረውም።

«በሉ እንግዲህ» አሉ አባ ደመና ከወንበራቸው ተነሥተው። «እኔ ቤት ስሆን እኔ አያታለሁ፣ አፏን እጠርግላታለሁ። እኔ ስወጣ እሷ ትናገራለች። ሁለታችን ካልተስማማን ደግሞ ሰው ይደውል። ይህንን እዚያ ሌላ አገር ያለው ገጽሽ ላይ ጻፊው። ክዳኑን ግን አልጥለውም፤ ደክሜበታለሁ።»

«እንዳይጥሉት» አለች ልጅቱ። «ሙቀት መለኪያዋ ፀሐይ በቀጥታ እየመታት ከልክ በላይ ትናገራለች። እሷ ጥላ ነው የምትፈልገው፣ ጽዋዋ ክፍት ሰማይ ነው የምትፈልገው። ከጽዋዋ ቢያነሡና ለሙቀት መለኪያዋ ነፋስ የሚያስገባ ጥላ ቢያደርጉላት…»

አባ ደመና መቀሳቸውን ለማምጣት ሄደው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የሆነውን መናገር ደስ ይላል። እህት መጋረጃዋን ስታሰጣ ስልኳን ድንጋዩ ላይ ከአጠገቧ ታኖራለች፤ ላይ መዝነብ ሲጀምር ወንዙ ሳይደርስ ታነሣለች፣ ሆቴሉም ጠቆር ያለውን ቀለም ወዶ ሌላ አዝዟል። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰውዬ ከቤቱ ሳይወጣ የነፋሱን ብርታት አይቶ ይወስናል። ወንዙን ተሻግረው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ያሏቸው እናቶች ልጆቹን በድልድዩ በኩል ይስደዱ ወይስ በመሻገሪያው፣ ገጹን አይተው ነው የሚለዩት። ጥቅሙ ለአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያየ ሌላ ሰፈርም ልጅቱን ጣሪያ አስመርጧታል። እሷም አሁን ጣቢያ ስትተክል አትጣደፍም፤ መጀመሪያ ማንቆርቆሪያ ታስመጣለች፣ ለባለቤቱ ታሳያለች፣ ከዚያ ነው አደራ የምትለው።

አንድ ጊዜም ለአባ ደመና እንዲህ አለቻቸው። «ጋሼ፣ የጠዋት ቃልዎን ከቁጥሩ ሥር ላውጣው?»

«አይሆንም» አሉ። «እሷ የምትናገረው የወረደውን ነው። እኔ የምናገረው የመሰለኝን ነው። ጎን ለጎን ከተቀመጠ ሰዉ ይደናገራል፤ እኔ ራሴ ምን ያህል እንደተደናገርኩ ታውቂያለሽ። የመሰለኝን የሚፈልግ በሬ ላይ ይምጣ።»

መምጣቱንም አልተዉም። እንዲያውም ስልክ የሌላቸው ገጹን እንዲያነቡላቸው ይመጣሉ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።

ባለፈው ሳምንት አባ ደመና ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለባለሱቋ «ዛሬ ጠብ አይልም» አሏት። ይህንንም ብለው የታጠበ ሱሪያቸውን ገመድ ላይ ሰቅለው ራቅ ወዳለ ሰፈር ለሥራ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አናታቸውን እየመታቸው መሰላል ላይ ሳሉ ስለ እህታቸው ማሰብ ጀመሩና የቤቱን ባለቤት ስልካቸውን አውጥቶ ገጹን እንዲያነብላቸው ለመኑት።

«ዝናብ አለ ይላል» አላቸው ሰውዬው። «ብዙ ነው። ቁጥሩ እየጨመረ ነው።»

አባ ደመና ጥርት ያለውን ሰማይ ቀና ብለው አዩ። ቤታቸው እየዘነበ እሳቸው ላብ ያጠምቃቸዋል። ይህ ነገር አሁንም ግር ይላቸዋል፤ ግን አመኑት። ለእህታቸው ደወሉ።

«ላይ ዘንቧል» አሏት።

«አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። አንሥተናል።»

ደስ ብሏቸው ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ለባለሱቋ ደወሉ።

«እባክሽ፣ ሱሪዬ ገመድ ላይ ነው» አሏት። «እዚያ እየዘነበ ነው።»

«አባ ደመና» አለች ባለሱቋ፤ ከበስተኋላዋ ቆርቆሮው ሲመታ ይሰማል። «ዛሬ ጠብ አይልም ብለው አልነበረም?»

«እሱ የመሰለኝ ነው» አሉ አባ ደመና። «ይኼ የወረደው ነው። ሱሪዬን አንሺልኝ።»